ጎፋና ቦሌ ሚካኤል፦ ታታሪነት ወይስ ወረቀት?

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ስለ ኤርትራውያን ስደተኞች ወሬ ከተነሳ ጨዋታው ብዙ ሳይቆይ ወደ ሶማሌዎች ይዞራል። ጎፋ መብራት ኃይል አካባቢ ካፌ የተቀመጠ፣ ከሳሪስ በታክሲ የመጣ ሰው ይህቺን ንጽጽር ሳይሰማት አይቀርም። «ሶማሌ እኮ ባዶ እጁን መጥቶ ቦሌ ሚካኤልን ገበያ አደረጋት። እነዚህ ግን ከካናዳ የሚላክ ብር እየጠበቁ ማኪያቶ ይጠጣሉ።» እንዲህ የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ያየውን ነው የሚያወራው። ጎፋ ላይ በሥራ ሰዓት ካፌ የሚውሉ ወጣቶች አሉ። ቦሌ ሚካኤል ደግሞ ሱቅ በሱቅ ነው። እኔ የማልስማማው ካየው ነገር ተነስቶ በሚደርስበት ፍርድ ነው፦ አንዱ ሕዝብ ታታሪ ነው፣ ሌላው ሰነፍ፤ አንዱ የነጋዴ ደም አለው፣ ሌላው የለውም።

ይህ ፍርድ ስህተት ነው። ስህተት ብቻ ቢሆን እንደ ብዙ የታክሲ ወሬ ሰምቶ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጥቅም ይሰጠናል፦ እኛው በሕግ የከለከልነውን ሥራ «ለምን አልሠራህም?» ብለን ሰውን እንድንወቅስ ያስችለናል። ስለዚህ ዝም ማለት አይገባም።

ከሕጉ እንጀምር። ኢትዮጵያ የ1951ዱን (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ የስደተኞች ስምምነት በ1962 ዓ.ም. ስትቀበል፣ አራት ድንጋጌዎችን «እንደ ምክር እንጂ እንደ ግዴታ አልቀበልም» ብላ ነበር። ከአራቱ አንዱ ስደተኛ ተቀጥሮ ስለሚሠራበት ሁኔታ የሚናገረው ነው። ከዚያ በኋላ የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 409/1996 ስደተኛው መሥራት የሚችለው ሌላ የውጭ ዜጋ በሚችለው ልክ ነው አለ። ሲነበብ ደግ ይመስላል። የውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ የሚያገኘው ግን ለቦታው ኢትዮጵያዊ ሲጠፋ ነው። እስቲ ንገሩኝ፦ ለአስተናጋጅነት፣ ለፀጉር ሥራ፣ ለጋራዥ ረዳትነት በአዲስ አበባ ኢትዮጵያዊ ጠፍቶ ያውቃል? ሕጉ በሩን ገርበብ አድርጎ የተወው ለመሐንዲስና ለአማካሪ ነው። ከሳዋ አምልጦ መረብን በሌሊት ለተሻገረ የሃያ ዓመት ልጅ በሩ ዝግ ነበር።

በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ ኤርትራውያን ስደተኞች ከካምፕ ወጥተው በከተማ እንዲኖሩ የሚፈቅድ አሠራር መጣ። ጥሩ እርምጃ ነበር፤ ሽመልባና ማይ ዓይኒ ውስጥ ተቀምጦ ዕድሜ ከመቁጠር ይሻላል። ቅድመ ሁኔታው ግን አስገራሚ ነው። ስደተኛው ራሱን የሚችል መሆን ወይም ዋስ የሚሆነውና የሚደጉመው ሰው ማቅረብ ነበረበት። ካምፕ ይሰጠው የነበረው ራሽን ከተማ ላይ የለም። በአንድ እጁ «ራስህን ቻል» የሚል ወረቀት ተሰጠው፣ በሌላው እጁ «አትሥራ» የሚል ሕግ።

ሳይሠራ ራሱን የሚችል ሰው ማን ነው? ወንድሙ ስዊድን ያለ፣ እህቷ ቶሮንቶ ያለች፣ አጎቱ እስራኤል የደረሰ። ያ ሰው ነው ካምፕ ትቶ ጎፋ የገባው። ሌላው እዚያው ካምፕ ቀረ፤ ወይም በመተማ በኩል ሱዳን ገብቶ ወደ ሊቢያ አቀና። እንግዲህ መንግሥት ሐዋላ ያላቸውን መርጦ ከተማ አስገባ፣ ሥራ ከለከላቸው፣ ከዚያ ሰፈሩ «እነዚህ ሰዎች በሐዋላ ነው የሚኖሩት» ብሎ አማቸው። ሌላ በምን ይኑሩ ኖሯል?

ደግሞ አይሠሩም የሚለውም እውነት አይደለም። ይሠራሉ፣ ግን በጓዳ። ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ምግብ ቤት ጀርባ፣ ጋራዥ ውስጥ በቃል ስምምነት ይሠራሉ። አሠሪው ደሞዝ ቢያስቀር የት ይከሰሳል? ፈቃድ የሌለው ሠራተኛ አቤት ሲል ቀድሞ የሚጠየቀው ራሱ ነው። ስለዚህ ዝም ይላል። ካፌ የተቀመጠውን እናያለን፤ ጓዳ ሆኖ ሳህን የሚያጥበውን አናይም። ዐይናችን ያልደረሰበትን «የለም» እንላለን።

አሁን ወደ ቦሌ ሚካኤል እንሻገር። እዚያ ያለው ንግድ እውነት ነው፣ ድካሙም እውነት ነው፤ የማንንም ላብ ማራከስ አልፈልግም። ግን ሱቁ በማን ስም ነው የተከፈተው? የንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው ስም የማን ነው? ሶማሌ ማለት ስደተኛ ማለት አይደለም። ሚሊዮኖች ኢትዮጵያውያን ሶማሌዎች ናቸው፤ ከጅግጅጋ፣ ከድሬዳዋ፣ ከጎዴ የመጡ፣ መታወቂያ ያላቸው፣ ግብር የሚከፍሉ፣ ቤት መግዛትና መሸጥ የሚችሉ ዜጎች። ከሞቃዲሾ ሸሽቶ የመጣው ስደተኛ በቋንቋ፣ በሃይማኖትና በጎሳ ከእነዚህ ዜጎች ጋር አንድ ነው። ፈቃዱ የዜጋው ነው፣ ሥራው የሁለቱም ነው። መንገደኛው በሱቁ በር ሲያልፍ ማን ዜጋ፣ ማን ስደተኛ እንደሆነ አይለይም፤ ሁሉንም «ሶማሌ» ብሎ ይደምረዋል። ጎፋ ያለውን ስደተኛ ቦሌ ሚካኤል ካለው ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ጋር አወዳድሮ «ስደተኛና ስደተኛ አወዳደርኩ» ይላል።

«እሺ ይሁን፣ ግን ባህልስ?» የሚል አይጠፋም። ሶማሌው ያለ መያዣ ዕቃ በዱቤ ይሰጣል፣ በጎሳ ይተማመናል፣ በአንድ የስልክ ጥሪ ከዱባይ ዕቃ ያንቀሳቅሳል። ልክ ነው፣ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ግን መተማመን ብቻውን ሱቅ አይከፍትም። ከሰንሰለቱ አንድ ቦታ ላይ ፈቃድ የሚያወጣ፣ ኪራይ የሚፈርም፣ ጉምሩክ የሚቀርብ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ለማረጋገጥ ሩቅ መሄድ አያሻም። ያው ሶማሌ፣ በዚያው ቋንቋና በዚያው ጎሳ፣ ካምፕ ውስጥ እንዴት ነው የሚኖረው ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ቀብሪበያህ ካምፕ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። እዚያ የተወለደ ሕፃን ዛሬ የልጆች አባት ነው። ዶሎ አዶ አካባቢ ደግሞ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ተራ በተራ የተከፈቱ አምስት ካምፖች አሉ። እነዚያ ካምፖች ውስጥ ሻይ ቤትም፣ የፍየል ገበያም፣ ትንንሽ ሱቅም አለ፤ ሰው ባገኘው ቀዳዳ ይነግዳል። ብዙኃኑ ግን ለዓመታት የኖረው በራሽን ነው፣ ራሽኑ ሲቀነስም ይራባል። የነጋዴው ደም ካምፕ ሲገባ የት ሄደ? በዚያው በዶሎ አዶ የኢኬአ ፋውንዴሽን ገንዘብ አውጥቶ መስኖ ሲዘረጋ፣ መሬት ሲዘጋጅ፣ ስደተኛውና የአካባቢው ነዋሪ በማኅበር ተደራጅተው ማምረት ጀመሩ። ሰው አልተለወጠም። መሬት፣ ውኃና ፈቃድ ተጨመረለት እንጂ።

ኤርትራውያንንም በዚሁ መንገድ እንፈትናቸው። ዕድሜው ከአርባ በላይ የሆነ የአዲስ አበባ ሰው አይረሳውም። ከ1983 እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ በዚህ ከተማ የኤርትራ ተወላጆች የሚታሙበት ነገር የዛሬው ተቃራኒ ነበር። «ንግዱን ያዙት፣ ትራንስፖርቱን ያዙት፣ አስመጪነቱን ያዙት» ነበር ወሬው። ጋራዡም፣ ሆቴሉም፣ መጋዘኑም ውስጥ ነበሩ። ያኔ ስንፍና የሚል ቃል ከስማቸው ጋር አልተነሳም፤ ጥፋታቸው አብዝተው መሥራታቸው ነበር።

ከዚያ ግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሳ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በሰጠው ግምት 75 ሺህ ገደማ የኤርትራ ተወላጆች ከኢትዮጵያ ተባረሩ። ብዙዎቹ እዚሁ የተወለዱ፣ ሌላ አገር የማያውቁ ነበሩ። የንግድ ፈቃዳቸው ተሰረዘ፣ የባንክ ሒሳባቸው ታገደ፣ ቤታቸው ቀረ። ዛሬ ጎፋ ላይ ሥራ ፈት ተብሎ የሚታማው የእነዚያ ሰዎች የወንድም ልጅ ነው። በሃያ ምናምን ዓመት ውስጥ የአንድ ሕዝብ ደም ከነጋዴ ወደ ሰነፍ ተቀየረ እንዴ? የተቀየረው ኪሱ ውስጥ ያለው ወረቀት ነው። አባቱ ፈቃድ ነበረው፣ ልጁ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ፍትሐዊ ተቃውሞ አለ፣ ልሸሸው አልፈልግም። የዛሬው ኤርትራዊ ስደተኛ የያኔው ነጋዴ አይደለም። ማብቂያ ከሌለው ብሔራዊ ውትድርና የሸሸ ወጣት ነው፤ ልቡ ያለው አውሮፓ ወይም ካናዳ ነው። ነገ የሚሄድ ሰው ዛሬ ሱቅ አይከፍትም። ይህ በከፊል እውነት ነው። ግን መሄድን ምን አጠናከረው? ከ2003 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ኤርትራውያን ስደተኞች በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች በነፃ ትምህርት ዕድል እንዲማሩ ተደረገ። የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ተመረቁ፣ ጋዋን ለበሱ፣ ፎቶ ተነሱ። በማግስቱ ግን ያንኑ ዲግሪ ይዘው ሥራ መያዝ አልቻሉም። አስተምረን፣ ሰርተፍኬት ሰጥተን፣ በሩን ዘጋን። ከዚያ ልጁ በባሕር ሲሄድ «እነሱ መሄድ ብቻ ነው የሚያስቡት» አልን።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1110 ይህን ታሪክ ሊዘጋ ነበር የመጣው። በአፍሪካ ከወጡት ሁሉ ለጋስ ከሚባሉት የስደተኛ ሕጎች አንዱ ነው ተብሎ ተመሰገነ። ሥራ መሥራትን፣ የመንቀሳቀስ መብትን፣ የባንክ አገልግሎትን፣ መንጃ ፈቃድን ሳይቀር ይጠቅሳል። ሕጉ ግን የሚሠራው የስደተኛነት ወረቀት ላለው ሰው ነው። በጥር 2012 ዓ.ም. መንግሥት የሚመጡትን ኤርትራውያን ሁሉ እንደ ቀድሞው መዝግቦ እውቅና መስጠቱን አቆመ። ከዚያም የትግራይ ጦርነት መጣ፤ ሽመልባና ሕፃፅ ካምፖች ፈረሱ፣ ያመለጠው በእግሩም በመኪናም አዲስ አበባ ደረሰ። በአንድ ወገን መብቱን አስፍተን ጽፈን፣ በሌላ ወገን መብቱን የሚያገኝበትን ወረቀት አጠበብነው። በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ያለ የሥራ ፈቃድ እንጀራ አይገዛም።

«የራሳችን ወጣት ሥራ አጥቶ እያለ…» የሚለው ስሞታ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። ስሞታው ቀላል አይደለም፤ የሥራ አጡ ሕመም የእውነት ነው። ግን ስሌቱን ገልብጠን እንየው። ፈቃድ የሌለው ሠራተኛ በግማሽ ደሞዝ ይሠራል፣ ምክንያቱም መከራከር አይችልም። የኢትዮጵያዊውን ሠራተኛ ዋጋ የሚያረክሰው ይህ ነው። ፈቃድ ያለው ሰው በእኩል ዋጋ ይከራከራል፣ ግብር ይከፍላል፣ ሱቅ ቢከፍት የሚቀጥረው የሰፈሩን ልጅ ነው። ክልከላው የጠቀመው ጓዳውን ለያዘው አሠሪ ብቻ ነው።

ለአከራዩም ጭምር ጠቅሟል። ጎፋ ላይ «ኪራይ ያስወደዱት እነሱ ናቸው» ይባላል። ዋጋውን የሚጠራው ማን ነው? አከራይና ደላላ። ተከራዩ አቤት የሚልበት ስለሌለው ሌላው የማይከፍለውን ይጠየቃል፣ ይከፍላልም። ከቶሮንቶ የተላከው ብር አንድ ወር ሳይሞላው የጎፋ ባለ ቤት፣ የጎፋ ባለ ሱቅ፣ የጎፋ እንጀራ ሻጭ እጅ ይገባል። ያንን ብር እየተቀበልን ነው ላኪና ተቀባዩን የምናማው።

ነገሩ አሁንም ካልተዋጠልን ወደ ራሳችን ልጆች እንይ። ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ኢትዮጵያዊ ሬስቶራንት ይከፍታል፣ ታክሲ ይገዛል፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ያስገባል። ቤይሩት ያለችው እህቱ ግን ዓመታት ሠርታ ባዶ ሻንጣ ይዛ ልትመለስ ትችላለች። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታባርር፣ ብዙዎቹ ቦሌ የደረሱት በለበሱት ልብስ ብቻ ነው። የዋሽንግተኑ ታታሪ፣ የሪያዱ ሰነፍ ስለሆነ ነው የሚል አለ? የለም። ሁላችንም መልሱን እናውቀዋለን፦ አንዱ በዲቪ ወይም በስደተኛነት ግሪን ካርድ አገኘ፣ ሌላዋ ፓስፖርቷ እንኳ በአሠሪዋ እጅ ነበር። ለራሳችን ልጆች ስንሆን ወረቀቱን እናያለን። ለጎረቤት ልጅ ሲሆን ደሙን እንመረምራለን።

ስለዚህ ንጽጽሩን እንተወው አልልም። እናወዳድር፤ ማወዳደር ብዙ ያስተምራል። ግን የሚወዳደረውን በትክክል እናስቀምጥ። ፈቃድ ያለውን ፈቃድ ካለው፣ የሌለውን ከሌለው ጋር። የቀብሪበያህን ሶማሌ ከማይ ዓይኒ ኤርትራዊ ጋር፣ የ1985ቱን የአዲስ አበባ ኤርትራዊ ነጋዴ ከዛሬው የቦሌ ሚካኤል ነጋዴ ጋር። እንዲህ ስናደርግ በሁለቱ ሕዝቦች መካከል አለ የተባለው ገደል በጣም ይጠባል፤ በወረቀት ባለውና በሌለው መካከል ያለው ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ለስደተኛው መቅረቡ ይቀርና ወደ ቢሮው ይዞራል። አዋጅ 1110 ከወጣ በኋላ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ስንት ስደተኛ በስሙ የንግድ ፈቃድ አወጣ? የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት፣ የክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤትና የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ይህን ቁጥር በየዓመቱ በግልጽ ይለጥፉት። ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ ካፌው አሁንም ከሞላ፣ ያኔ ስለ ስንፍና እናወራለን።