ማሽኑስ ይመጣል፤ ወርሃዊ ክፍያው ለምን?

ልጅዎ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ቦርሳውን አልጋ ላይ ወርውሮ ወደ ሰፈሩ ጌም ቤት የሚሮጥ ከሆነ ይህ ጽሑፍ እርስዎን ይመለከታል። የዳቦ መግዣው መልስ ሲጎድል፣ ማታም «የት ቆየህ?» ሲባል አንገቱን ሲደፋ፣ እናት «ከዚህ ሁሉ ማሽኑ ቤት ኖሮ ከዓይኔ ሥር ቢጫወትስ?» ማለቷ አይቀርም።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ይህንኑ ስታሰላስል ውጭ አገር የምትኖረው እህቷ «ለልጁ ፕሌይስቴሽን ልላክለት?» ብላ ደወለችላት። ደስታዋ ግን አንድ ቀን አልሞላም። ልጁ «እማዬ፣ በየወሩ የሚከፈልም አለው፤ ያለዚያ አይሠራም» አላት። እርሷም በማግሥቱ ቢሮ መጥታ «ለመሆኑ ይህ ክፍያ እንደ እድር ነው እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ።

በአንድ በኩል እንደ እድር ነው፤ መዋጮው ሲቋረጥ መብቱም ይቋረጣል። የሶኒው ፕሌይስቴሽን ፕላስም ሆነ የማይክሮሶፍቱ ጌም ፓስ በወር ወይም ለተወሰነ ጊዜ እየተከፈለባቸው ጨዋታዎችን ከኢንተርኔት የሚያስጭኑ ናቸው። ክፍያው ሲቆም በዚህ መንገድ የተጫነው ጨዋታ ማሽኑ ውስጥ ቢኖርም አይከፈትም። በሲዲ የተገዛው ግን የቤትዎ ዕቃ ነው፤ ይዋሳል፣ ይለወጣል፣ ይሸጣልም።

«ያለ ክፍያ አይሠራም» የሚለው የልጁ ነገር ግን እውነት አይደለም። በሲዲ ብቻውን ለመጫወት፣ ወይም ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው በሁለት ጆይስቲክ እግር ኳስ ለመግጠም አንድም ወርሃዊ ክፍያ አያስፈልግም። ክፍያው የሚመጣው የተገዛውን ጨዋታ በኢንተርኔት ከሌላ ቤት ካለ ሰው ጋር መግጠም ሲፈለግ ነው። በፕሌይስቴሽን እንደ ፎርትናይት ያሉት በነፃ የሚሰጡ ጨዋታዎች ለዚህም ክፍያ አይጠይቁም።

እስቲ ደግሞ ሂሳቡን እንሥራው። ልጁ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት፣ እሑድም ሁለት ሰዓት ቢጫወት በዓመት 208 ሰዓት ይሆናል። የፈተናው ሰሞንና መብራት የሚጠፋበት ቀን ሲቀነስ ወደ 150 ይወርዳል። እግር ኳስ የሚወድ ልጅ ይህን ሁሉ በአንድ የእግር ኳስ ጨዋታ ብቻ ይጨርሰዋል። ታሪክ ያለው ረጅም ጨዋታ 40 ሰዓት ቢፈጅ እንኳ በዚህ አካሄድ ሁለት ወር ተኩል ያቆየዋል። እንግዲህ በዓመት ሦስት ወይም አራት ጨዋታ ለሚበቃው ልጅ በመቶ የሚቆጠር ጨዋታ መክፈል ለሦስት ሰው ምሳ የሠርግ ድንኳን እንደ መትከል ነው።

ዋጋውም ባለበት አይቆምም። አሜሪካ ውስጥ የፕሌይስቴሽን ፕላስ ዝቅተኛው ደረጃ የዓመት ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ60 ዶላር ወደ 80 ዶላር ከፍ ብሏል። የጌም ፓስም ከፍተኛው ደረጃ በ2025 በወር ከ20 ዶላር ወደ 30 ዶላር ወጥቷል። ያውም አጥፉልኝ ካልተባለ በየጊዜው ራሱን እያደሰ ከካርዱ ላይ ይቆርጣል። «ከፋይዋ እህቴ ናት» ይሉ ይሆናል። የእህትም ገንዘብ ገንዘብ ነው፤ በሌሊት ፈረቃ ቆማ ያገኘችው ሊሆን ይችላል። ልጁ መጫወቱን ከተወ ከወራት በኋላም ሂሳቧ ሲቆረጥ፣ እርሷ ለእናንተ ደስ ብሏችኋል ብላ ዝም ትላለች፤ እናንተ ደግሞ አታውቁም።

የኢንተርኔቱም ነገር አለ። ትልልቆቹ ጨዋታዎች ከ50 ጊጋባይት በላይ ይሆናሉ፤ በስልክ ፓኬጅ የሚሞከር አይደለም። ቤቱ ዋይፋይ ከሌለው ወርሃዊ ክፍያውን ባናስበው ይሻላል።

ስለዚህ ማሽን የሚላክልዎ ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠይቁት «ሲዲ የሚገባበት ነው?» ብለው ይሁን። ፕሌይስቴሽን 5 ዲጂታል እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ የሚባሉት በዋጋ ረከስ ይላሉ፤ ግን ሲዲ ማስገቢያ ይዘው አይመጡም። አልፎ አልፎ ለሚጫወት ሰው እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 ያገለገለውም ቢሆን፣ በደህና ከተያዘ፣ ለእኔ በቂ ነው። የጨዋታውን ሰዓት የሚወስን መቆጣጠሪያም በማሽኑ ውስጥ በነፃ አለ፤ ለልጁ የራሱን መለያ ከፍተው ያስተካክሉታል።

ወርሃዊ ክፍያው ለማንም አይረባም ማለቴ ግን አይደለም። ትምህርት በሚዘጋበት በክረምት፣ ዋይፋይ ላለው ቤት፣ የተለያየ ጨዋታ መሞከር ለሚወድ ልጅ የአንድ ወር ክፍያ ከአንድ አዲስ ሲዲ ያነሰ ወጪ ሊሆን ይችላል። ታዲያ በተከፈለበት ዕለት ራሱን የማደሱን ነገር ማጥፋት ነው።

ባልደረባዬ ለእህቷ መልሳ ደውላለች። ሲዲ የሚቀበል፣ ሁለት ጆይስቲክ ያለው እንዲሆን ነግራታለች። በኢንተርኔት መግጠሙ ቀርቶብኛል ብሎ ልጁ አኩርፏል፤ ነሐሴ ላይ ለአንድ ወር ብቻ ሊሞክሩት ተስማምተዋል።