ብቻውን የሚስቅ ልጅ

«ልጄ እንኳ አያስቸግርም፤ ቴሌቪዥኑን ከከፈትኩለት ብቻውን ሲስቅ ይውላል!» ይህን የማይል ስደተኛ ወላጅ ስንት ነው? ሁለት ሥራ ለሚሠራ፣ አያትና አክስት ባሕር ማዶ ለቀሩበት ሰው እፎይታ መሆኑን አልክድም። ለመሆኑ ግን ልጁ ብቻውን ይስቃል?

እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ካስፓር አዲማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ፈትሸዋል። ከሁለት ዓመት ተኩል እስከ አራት ዓመት ገደማ ለሆናቸው 20 ሕፃናት አስቂኝ ካርቱን አሳዩ፤ አንዴ ለብቻ፣ አንዴ ከአንድ ጓደኛ ጋር፣ አንዴ ሰብሰብ አድርገው። ሕፃናቱ ከሌላ ልጅ ጋር ሲያዩ የሳቁት፣ ለብቻቸው ከሳቁት ስምንት እጥፍ ሆነ። ለዚህም አንድ ጓደኛ በቂ ነበር፤ ሌሎች ቢጨመሩ ለውጥ አላመጣም። ካርቱኑ ምን ያህል እንዳሳቃቸው ሲጠየቁ ግን ለብቻም አዩት በጋራ መልሳቸው ያው ነው። ቀልዱ አልጎደለም፤ የጎደለው ሰው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ገና ከአራስ ቤት ነው። አራስ በእንቅልፉ ፈገግ ሲል እናቶቻችን «መልአክ እያጫወተው ነው» ይላሉ። ሰው አይቶ ፈገግ የሚለው ግን ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ነው። ቻርልስ ዳርዊን የልጁን እውነተኛ ፈገግታ በ45ኛው ቀን እንዳየ እ.ኤ.አ. በ1877 ጽፏል። ድምፅ ያለው ሳቅ የሚከተለው በሦስትና በአራት ወሩ ነው።

ያ ፈገግታ መልስ ሲያጣስ? አሜሪካዊው ኤድዋርድ ትሮኒክ በ1970ዎቹ እናቶችን ለጥቂት ደቂቃ ፊታችሁን እንደ ድንጋይ አድርጋችሁ ልጃችሁን ተመልከቱ አላቸው። ሕፃኑ መጀመሪያ ፈገግ ይላል። እንደገና ይሞክራል፣ እጁን ይዘረጋል። መልስ ሲያጣ ፊቱን ያዞራል። ከሌሊት ፈረቃ የተመለሰች እናት፣ ወይም ዓይኑን ከስልኩ የማያነሳ አባት፣ ያንን ፊት ለመልበስ ተመራማሪ አያስፈልጋቸውም።

እኔ በምኖርበት ሕንፃ አራት የሐበሻ ቤቶች አሉ፤ በየሳሎኑ አንድ ሕፃን፣ አንድ ቴሌቪዥን። በቅርቡ ሁለቱ እናቶች ፈረቃቸው ስለማይገጥም ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን በየተራ አንድ ቤት ማዋል ጀምረዋል። ካርቱኑ ያው የድሮው ነው። ሳቁ ግን እኔ ፎቅ ድረስ ይሰማል። ከታች ያለው ፈረንጅ ለሕንፃው ባለቤት አቤት ብሏል አሉ።