በማኅደሩ ያልተጻፉት

በኢትዮጵያ ገጠር የጤና አገልግሎት የሚቆጠረው በቤት ነው። በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ጤና ኬላ ከፍቶ ሁለት ሁለት ሴት ባለሙያዎችን መደበ፤ እነሱም ለየአባወራው የቤተሰብ ማኅደር አዘጋጅተው ይከታተላሉ። በወሎ፣ በአጅባርና በመካነ ሰላም ደጋ፣ የወሊድ መከላከያ መርፌም ሆነ በክንድ የሚቀበረው ለገበሬው ሚስት የቀረበላት በዚሁ መንገድ ነው። ቀላል ሥራ አይደለም።

ማኅደሩ የማይይዘው ሰው ግን አለ፦ ከተማ የተቀጠረች የቤት ሠራተኛ፣ በመሸታ ቤት በወሲብ ንግድ የምትተዳደር ሴት፣ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወይም ሁመራ ከርሞ የሚመለስ ወጣት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም የሚመዘግበው በአባወራ ነውና እነዚህ ከዚያም ይቀራሉ። ኤች አይ ቪን እንውሰድ፦ በ2008 ዓ.ም የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሥርጭቱ በገጠር 0.4፣ በከተማ ግን 2.9 በመቶ ነበር። ቫይረሱ የሚበረታው አባወራ የሚለው ቆጠራ በሚላላበት ነው ማለት ነው።

ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። ዋጋው ሌላ ቦታ ነው ያለው። በትንሽ ከተማ የመድኃኒቱን ክፍል በር የማያውቅ የለም፤ አግዳሚው ላይ ማን እንደተቀመጠ ሳይመሽ ይወራል። ይህን የፈራ፣ ቅርቡን ጤና ጣቢያ ትቶ የመኪና ከፍሎ ደሴ ያድራል። በ2010 ዓ.ም የተጀመረው የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ የመስጠት አሠራር ለዚህ አገር የተበጀ ይመስላል፤ ማድጋና ምጣድ ከተደረደረበት ጓዳ የምታድር ሠራተኛ የስድስት ወሩን ብልቃጥ ግን የት ትደብቀዋለች? በየቀኑ የሚዋጠው የመከላከያ ክኒንም በወሲብ ንግድ ለሚተዳደሩ ሴቶች ተፈቅዷል፤ እሱን ለማግኘት ግን ሥራቸውን ለማያምኑት ሰው መናገር አለባቸው።

ከቀበሌያቸው ርቀው ለሥራ የሚሄዱ ሌሎችም አሉ፤ ወደ ዓረብ አገር ለሚሄዱ የወሎ ሴቶች የሚደረገው ምርመራ ኤች አይ ቪንና እርግዝናን ይጨምራል። ይህም ለሥራ ማጣሪያ እንጂ ለሕክምና የታሰበ አይደለም።

በ2017 ዓ.ም የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል ባለሙያዎችን ውል አቋረጠ። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ግን የውጭ ገንዘብ ሳይጠብቁ የሚሠሩት አላቸው፦ የቤት ሠራተኛዋን በራሷ ስም ይመዝግቧት፤ ጤና ጣቢያውን በሳምንት አንድ ቀን ማታ ይክፈቱት፤ የኤች አይ ቪውንም መድኃኒት ከሌላው መድኃኒት ጋር በአንድ መስኮት ይስጡ።