ከጠርሙሱ በፊት አንድ ደቂቃ፦ ለመድኃኒት ቤት ባለሙያዎችና ባለቤቶች ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎችና ባለቤቶች፣

ይህን ደብዳቤ ለሆስፒታሎች ሳይሆን ለእናንተ የምጽፈው፣ ልጁን ሌሊት ሌሊት የሚያስለው ወላጅ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እናንተ ስለሆነ ነው። አባት ከሥራ ሲመለስ መንገድ ላይ ጎራ ይላል። ልጁ አብሮት የለም። «ልጄን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስለው ያድራል» ይላል። ከመስኮቱ ወዲያ ሁለት ጥያቄ ይመጣል፦ ስንት ዓመቱ ነው? ደረቅ ነው ወይስ አክታ አለው? መልሱ እንደተሰማ አንድ የሳል ሽሮፕ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ አሞክሳሲሊንም ይጨመርበታል፤ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ «በቀን 3 ጊዜ» ይጻፍበትና ሒሳብ ይከፈላል። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በየሰፈሩ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም፤ ግን የተለመደ አሠራር ሆኗል፣ የምቃወመውም አሠራሩን ነው።

ደረቅ ነው ወይስ አክታ አለው የሚለው ጥያቄ ከመደርደሪያው የትኛውን ጠርሙስ እንደምታነሱ ይነግራችኋል። ልጁ አደጋ ላይ ይሁን አይሁን ግን አይነግራችሁም። የሳንባ ምች በደረቅ ሳልም በእርጥብ ሳልም ይመጣል፤ የሚለየው በትንፋሽ ነው። ልጁ ሲረጋጋ ልብሱን ገለጥ አድርጎ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን መቁጠር ያስፈልጋል። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ትንፋሹ ፈጣን ነውና ሳይዘገይ መታየት አለበት። አየር ሲስብ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደነዘዘ ደግሞ ነገ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ሌሊት ጤና ተቋም መድረስ አለበት።

ይህ የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ነው፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ አንድ ዓመት የሠለጠነች የገጠር ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በጤና ኬላዋ የምትሠራው በዚሁ ነው። እሷ የምትቆጥረውን በዲግሪ የተመረቀ የከተማ ፋርማሲስት የማይቆጥርበት ምክንያት አልታይ ብሎኛል። ልጁ አብሮ አልመጣም ትሉኝ ይሆናል። አባትየው ግን ኪሱ ውስጥ ስልክ አለው፤ ስልኩም ሰዓት ይቆጥራል። «ቤት ሲደርሱ ልጁ ተኝቶ ሳለ ደረቱን ገልጠው ይቁጠሩ፤ እዚህ ቁጥር ከደረሰ ወይም ከበለጠ እኔ ጋ አይመለሱ፣ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት» ማለት ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?

ወደ ሽሮፑ ልምጣ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2008 ያለ ማዘዣ የሚሸጡ የሳልና የጉንፋን መድኃኒቶች ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጡ አሳሰበ። በዚያው ዓመት አምራቾቹ ራሳቸው ገደቡን በማሸጊያው ላይ ወደ 4 ዓመት ከፍ አደረጉት። ኮዴይን ያለበት የሳል መድኃኒትም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ እዚያው አገር ከ18 ዓመት በታች ላለ ማንም አይሰጥም። በትንንሽ ልጆች ላይ የእነዚህ ሽሮፖች ጥቅም በጥናት አልታየም፤ ጉዳታቸው ግን ታይቷል። ወላጅ «ሠራለት» ብሎ ተመልሶ ቢያመሰግናችሁ፣ ብዙ ጊዜ የሠራው እንደ ክሎርፌኒራሚንና ዲፌንሃይድራሚን ያለው የሚያስተኛ ንጥረ ነገር ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ደግሞ ይኸው ነው። ትንፋሹ እየከበደው ያለ ልጅ በመድኃኒት ዝም ብሎ ሲተኛ፣ እናቱም ተሻለው ብላ ትተኛለች።

ጋምቢያን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 የዓለም ጤና ድርጅት በአራት የልጆች ሽሮፖች ላይ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ፣ በዚያች ትንሽ አገር 70 ያህል ልጆች ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ሞተው ነበር። ሽሮፖቹ ውስጥ የተገኙት ዳይኢትሊን ግላይኮልና ኢትሊን ግላይኮል የተባሉ የኢንዱስትሪ መርዞች ናቸው። ኢንዶኔዥያና ኡዝቤኪስታንም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ሐዘን ደረሰባቸው። እዚህ የምትሸጡት እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም። ጥቅሙ ላልታየ ጠርሙስ ግን ትንሿም አደጋ ትበዛበታለች።

አሞክሳሲሊን ሌላ ነገር ነው፤ የሳንባ ምች ለያዘው ልጅ ሕይወት ያድናል። ጉንፋን ግን በቫይረስ ይመጣልና አሞክሳሲሊን አይነካውም። አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ እንደማይሸጥም ታውቃላችሁ። ወላጅን የሚያስቸኩለው የጉንፋን ሳል ስንት ቀን እንደሚቆይ የሚነግረው ማጣቱ ነው። ከአሥር ልጆች በዘጠኙ ላይ ሳሉ ለቅቆ እስኪሄድ እስከ 25 ቀን ይፈጃል። ይህን ያልሰማች እናት በአምስተኛው ቀን ሌላ ጠርሙስ ልትገዛ ትመጣለች፤ ትሸጡላታላችሁም። ሽሮፕ በሽሮፕ ላይ ተደራርቦ ለውጥ ሲጠፋ ደግሞ «እንጥሉ ወርዶ ነው» የሚል ጎረቤት አይጠፋም፤ ልጁም እንጥል ቆራጭ ዘንድ ይወሰዳል። ደም መፍሰሱና ቁስለቱ የሚከተለው ከዚያ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ በየወሩ የሚመለሰው ልጅ ነው። ሌሊት ወደ ንጋት ገደማ ያስለዋል፣ ሲሮጥ ያስለዋል፣ ዕጣንና የከሰል ጢስ ሲሸተው ያስለዋል፣ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። በየወሩም አሞክሳሲሊን ይገዛለታል። ይህ ልጅ ለአስም መመርመር ነበረበት። አስም ከሆነ የሚያሻለው በአፍ የሚሳበው፣ ብዙዎቻችን ፓፍ የምንለው መድኃኒት ነው። «ፓፍ ሱስ ያስይዛል» የሚለውን ፍርሃት ከእናንተ የተሻለ ማን ያርመዋል? ትንሽ ልጅ ፓፉን በቀጥታ መሳብ አይችልም፤ መድኃኒቱን የሚያጠራቅምለት ዕቃ ያስፈልገዋል። ዕቃው ውድ ነው ወይም አይገኝም ብላችሁ አትሸኙት። ደቡብ አፍሪካዊቷ የሕፃናት ሐኪም ሄዘር ዛርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት፣ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ታችኛው ክፍሉ በፓፉ አፍ ልክ ተበስቶ ሲሠራበት ከተገዛው ዕቃ ጋር የሚወዳደር ሆኖ አግኝተውታል። ባዶ የውሃ ጠርሙስ በየሱቁ ደጃፍ ወድቆ በሚገኝበት ከተማ፣ መድኃኒቱ ለታዘዘለት ልጅ ይህን ሠርቶ ማሳየት የትኛውን መድኃኒት ቤት ያከስራል?

ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስለውና እየከሳ ያለ ልጅ ደግሞ፣ በተለይ ቤት ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው ካለ፣ ከእናንተ ምንም ሳይገዛ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ አለበት።

ባለቤቶች ሆይ፣ ይህ አሠራር የባለሙያው ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሠራተኛችሁ ማታ ሲዘጋ የሚጠየቀው የቀኑን ሽያጭ ነው። ስንት ወላጅ በምክር ብቻ እንደሸኘ፣ ስንቱን ወደ ጤና ጣቢያ እንደላከ የሚጠይቀው የለም። ባዶ እጁን የሸኘው ሁሉ ጉድለት ሆኖ የሚቆጠርበት ሰው ለመምከር ድፍረቱን ከየት ያመጣዋል?

ወላጁም ባዶ እጁን መሄድ እንደማይወድ አልዘነጋሁም። አንድ ነገር ይዞ መግባት ይፈልጋል፤ የምትሰጡት አላጣችሁም። አፍንጫው ለታፈነ ልጅ የጨው ውሃ ጠብታ አለ። ከ1 ዓመት በላይ ለሆነው ከመኝታ በፊት አንድ ማንኪያ ማር መስጠት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ በ105 ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ማር የተሰጣቸው ልጆች ምንም ካልተሰጣቸው የተሻለ ሌሊት ሲያሳልፉ፣ ዴክስትሮሜቶርፋን የተባለው የሳል መድኃኒት ግን ምንም ካለመስጠት የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር በፍጹም አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የተባለ አደገኛ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል። ከሰሉንም ልጁ ከሚተኛበት ክፍል አውጡት በሉ።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ሦስቱን ቁጥሮች፣ 60ን፣ 50ንና 40ን፣ ከየዕድሜያቸው ጋር በትልቁ ጽፋችሁ ገንዘብ መቀበያው አጠገብ፣ ወላጅ በሚያየው በኩል ለጥፏቸው። በስልኩ ፎቶ እንዲያነሣም ንገሩት። ከነገ ጀምሮ «ደረቅ ነው ወይስ አክታ አለው?» ከማለታችሁ በፊት «ትንፋሹ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናት፣ አዲስ አበባ