በስንት ቀን እጥፍ ሆነ?

በ1977 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፣ በሐርጌሳ ከተማ አቅራቢያ በነበረው የጋኔት የስደተኞች ሠፈር ኮሌራ ገባ። በሠፈሩ ተጠልለው ከነበሩትና ከኢትዮጵያ ድንበር ተሻግረው ከመጡት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መካከል፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከሺህ በላይ የሚሆኑት አለቁ። ኮሌራ ከሰውነት የወጣው ፈሳሽ በወቅቱ ከተተካ ከመቶ ሕሙማን አንዱን እንኳ የማይገድል፣ ካልተተካ ግን በጽኑ ከታመሙት እስከ ግማሽ የሚሆኑትን ሊፈጅ የሚችል በሽታ ነው። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ያለው ፈሳሹ፣ አልጋውና አስታማሚው ከሕሙማኑ ቀድመው በመድረሳቸው ላይ ነው። ቀድሞ ለመድረስ ደግሞ በሽታው በምን ፍጥነት እንደሚዛመት መገመት ያሻል። በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን ስለዚሁ ግምት ጥቂት ለማለት እንወዳለን።

ወረርሽኝ በተነሣ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ስንት ሰው ታመመ?» ብሎ ነው። ባለሙያው ግን «በስንት ቀን እጥፍ ሆነ?» ይላል። ለምሳሌ ያህል በአንድ ሠፈር ዛሬ 5 አዳዲስ ሕሙማን ተገኙ እንበል። ቁጥሩ በየ2 ቀኑ እጥፍ የሚሆን ከሆነ፣ ከ16 ቀን በኋላ በአንድ ቀን የሚታመሙት 1,280 ይሆናሉ። በየ4 ቀኑ ከሆነ ግን 80 ብቻ ናቸው። ሰማንያውን በጥቂት ድንኳኖች ማስተናገድ ይቻላል፤ ሌላውን ግን የትኛው የጤና ጣቢያ ይችለዋል?

ፍጥነቱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሕመምተኛ ለስንት ሰው ያስተላልፋል፣ ከእርሱ መታመም እስከ ቀጣዩ ሰው መታመምስ ስንት ቀን ያልፋል? ፈንጣጣ ክፉ ቢሆንም በአንዱና በሌላው ሕመምተኛ መካከል የሁለት ሳምንት ያህል ፋታ ይሰጥ ስለነበር፣ ከታማሚው ጋር የተገናኙትን ፈልጎ ለመከተብ ጊዜ ይገኝ ነበር። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ፣ በጥቅምት 1970 ዓ.ም. ደግሞ በሶማሊያዋ የመርካ ከተማ በተፈጥሮ መንገድ ከተያዘው የመጨረሻ ሕመምተኛ ጋር ከምድር ሊጠፋ የቻለው በከፊል በዚህ ፋታ ነው። ኮሌራ ይህን ፋታ ይነፍጋል፤ የተበከለ ውሃ የጠጣ ሰው በሰዓታት፣ ቢዘገይም በ5 ቀን ውስጥ ሊታመም ይችላል።

«ሁሉም ካልተቆጠረ ስሌቱ ምን ይረባል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በኮሌራ ከተያዙት ብዙዎቹ ቀላል ሕመም ብቻ ይሰማቸዋል፤ ወይም ጭራሽ አይታመሙም። ሌሎችም ሐኪም ሳያያቸው ይቀበራሉ። ይሁን እንጂ ከአራቱ አንዱ ብቻ ቢቆጠርና ይኸው ድርሻ ከቀን ወደ ቀን ካልተለወጠ፣ እጥፍ የሚሆንበት ቀን ያው ነው፤ 5 ወደ 10 ሲያድግ የተሰወረው 20 ወደ 40 አድጓልና። ስሌቱ የሚበላሸው ድርሻው ሲለወጥ ነው። ትናንት አዲስ ድንኳን ተተክሎ ዛሬ ሕሙማን ቢበዙ በሽታው ፈጠነ ማለት ላይሆን ይችላል፤ መንገዱ ቀርቦላቸው ይሆናል። እንዲሁም አንድ ጉድጓድ ተበክሎ ብዙ ሰው በአንድ ቀን ቢወድቅ፣ ያ ከሰው ወደ ሰው የመዛመት ፍጥነት አይደለም፤ መፍትሔውም ጉድጓዱን መዝጋት ነው።

በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው መረጃ ሕመሙ የጀመረበት ቀን ነው፤ ይህን ደግሞ ከመዝገብ ቤት ይልቅ እናቶች ያውቁታል። በ2009 ዓ.ም. በድርቁ ወራት፣ እኛ አተት የምንለው ሕመም በሶማሌ ክልላችንም ሆነ ከድንበሩ ማዶ ተዛምቶ ነበር። አንድ ቧንቧ ለብዙ አባወራ በሚያገለግልበት የሠራዊት ሠፈር፣ ማን መቼ እንደታመመና ከየት እንደቀዳ በደብተር የምትይዝ እማወራ ለጤና ባለሙያው ትልቅ ረዳት ናት። ሕመምተኛው እስኪወሰድ ድረስም በአንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ደጋግሞ ማጠጣት ይገባል።

ደብተሩ ሲነበብ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ቀኖች ሁልጊዜ ዝቅ ብለው ይታያሉ፤ ወሬው ገና ስላልደረሰ ነው እንጂ በሽታው ስለበረደ አይደለም። የመብረዱ ምልክት ሌላ ነው፤ በ2 ቀን እጥፍ ይሆን የነበረው በ3፣ ከዚያም በ6 ቀን ሲሆን፣ የሕሙማኑ ቁጥር ገና እየጨመረ ሳለም ቢሆን፣ በሽታው መድከም ጀምሯል።