ወለድ የሌለው ቁጠባ ኪሳራ ነውን?

ገንዘብን ባንክ ማስቀመጥ አስተዋይነት ነው፣ ዕቁብ መጣል ግን ወለድ የሚያስቀር ኋላ ቀር ልማድ ነው የሚለው አስተሳሰብ በኢትዮጵያ ከተሞች፣ በተለይም በተማረው ክፍል ዘንድ፣ ማስረጃ የማይጠየቅበት እውነት ሆኖ ይነገራል። ይህ አስተሳሰብ የሚስተው ሒሳቡ ላይ ሳይሆን መለኪያው ላይ ነው፤ የዕቁብ ጥቅም ገንዘቡ ስንት ወለደ በሚለው ሳይሆን ድምሩ መቼ እጅ ገባ በሚለው ጥያቄ የሚመዘን ነውና።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ 5,000 ብር የሚጥሉበት ዕቁብ በየወሩ ለአንድ ባለ ዕጣ 60,000 ብር ያስረክባል። ያንኑ 5,000 ብር በየወሩ መጀመሪያ በ7 በመቶ ዓመታዊ ወለድ፣ ማለትም ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ አድርጎ በወሰነው መጠን፣ ባንክ የሚያስገባ ሰው አሥራ ሁለተኛውን ክፍያ በፈጸመበት ዕለት የሚያገኘው ወለድ 1,900 ብር ገደማ ነው። ዕቁብተኛውም ቆጣቢውም የሚያወጡት ገንዘብና የሚያወጡበት ጊዜ አንድ ስለሆነ፣ በዕቁቡ እጅግ የተጎዳው የመጨረሻው ባለ ዕጣ እንኳ ከባንክ ቆጣቢው የሚያንሰው በዚህችው 1,900 ብር ብቻ ነው። የቀሩት አሥራ አንዱ ግን ባንክ ቆጣቢው ዓመት ሊሞላው ሲል የሚደርስበትን ገንዘብ ቀድመው ይረከባሉ።

የዋጋ ንረት፣ ማለትም የዕቃና የአገልግሎት ዋጋ በአጠቃላይ እያሻቀበ የገንዘብን የመግዛት አቅም የሚያሳጣበት ሂደት፣ ሲታከልበት ልዩነቱ ይሰፋል። በ2014 ዓ.ም. እንደታየው ዓመታዊው ንረት 30 በመቶ ቢደርስ፣ በአሥራ ሁለተኛው ወር የሚገኝ 60,000 ብር የሚገዛው በመጀመሪያው ወር 47,000 ብር ገደማ ይገዛው የነበረውን ያህል ብቻ ነው፤ የባንኩም ቁጠባ ከነወለዱ ከ49,000 ብር አቅም አያልፍም። ስለዚህ ወለዱ ገንዘቡን ከመሟሸሽ አያድነውም፤ በጊዜ የተረከቡትን ድምር በፍጥነት ወደ ሸቀጥ፣ ወደ መሣሪያ ወይም ወደ ቤት ዕቃ መለወጥ ግን ያድነዋል።

ይህ የነጋዴ ብልሃት ብቻ አይደለም። ቲሞቲ ቤስሊ፣ ስቲቨን ኮት እና ግሌን ላውሪ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በዕጣ የሚዞር የቁጠባ ማኅበር ለአንድ ትልቅ ዕቃ ለሚቆጥብ ሰው ለብቻው ከመቆጠብ የተሻለ መሆኑን በሒሳብ አሳይተዋል፤ ከመጨረሻው ባለ ዕጣ በቀር ሁሉም ለብቻቸው ቢቆጥቡ ከሚጠብቁት ጊዜ ቀድመው የፈለጉትን ያገኛሉና።

በዚህ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ ሥነ ሥርዓት ያለው ሰው ለመቆጠብ የሌሎች ግፊት አያስፈልገውም የሚል ነው። ይሁን እንጂ የገንዘብ ጠላቱ የባለቤቱ ስንፍና ብቻ አይደለም፤ የቤተሰብና የዘመድ ጥያቄም ጭምር ነው። ሲዋን አንደርሰንና ዣን ማሪ ባላንድ በናይሮቢ ኪቤራ ሰፈር ያካሄዱትና በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ ያገቡ ሴቶች እንዲህ ያለ ማኅበር የሚገቡበት አንዱ ምክንያት ቁጠባቸውን ባል ወዲያው ከሚያጠፋው ወጪ ለመከላከል መሆኑን ያሳያል። ከባንክ ማውጣት ቀላል ነው፤ «የዕቁብ ቀኔ ደርሷል» ያለን ሰው ግን የሚጫነው የለም።

የሥነ ሰብ ተመራማሪው ክሊፎርድ ጊርትዝ በ1962 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ማኅበራት ከገጠር ኑሮ ወደ ንግድ ኢኮኖሚ መሸጋገሪያ ስለሆኑ ዘመናዊ ባንክ ሲስፋፋ ቦታ እንደሚለቁ ገምቶ ነበር። ባንክ በየመንገዱ ባለበት በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዛሬም ዕቁብ መጣላቸው ግን የዕቁብ ምክንያት የባንክ እጥረት ብቻ እንዳልሆነ ያመለክታል።

ይህ ማለት ዕቁብ ለሁሉም ነገር ይበጃል ማለት አይደለም። ቀድሞ ተረክቦ መክፈል የሚያቆም ሰው ቢገኝ የሚታደገው ዋስና የዕቁቡ ዳኛ ብርታት ብቻ ነው፤ ድንገተኛ ሕመም ሲመጣም ዕጣ ያልወጣለት ሰው የጣለውን ገንዘብ ማውጣት አይችልም። ከዚህም በላይ ንረቱ ሲበረታ ቀድሞ የተረከበው የቀረውን ዕዳ በረከሰ ብር ስለሚከፍል፣ ኪሳራው ሳይታወቅ ወደ ኋለኞቹ ይተላለፋል፤ ገንዘብ የቸገረው የሌላውን ዕጣ ጨምሮ የሚገዛበት ልማድ ይህን ክፍተት የሚያቃልል የገበያ መላ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመት የሚዘልቅ ዕቁብ ግን ሸክሙን ያከብደዋል።

ስለዚህ ክርክሩ ባንክ ወይስ ዕቁብ የሚል መሆን የለበትም። ለድንገተኛ ችግር የሚቀመጥ ገንዘብ ወለዱ ቢያንስም በማንኛውም ሰዓት ሊወጣ በሚችልበት ባንክ ቢሆን ይሻላል፤ ለታወቀ ግዢ የሚጠራቀም ገንዘብ ግን ዙሩ አጭርና አባላቱ የሚተዋወቁ ዕቁብ ውስጥ ቢገባ፣ ዕድሉ ቢጠም የሚያጎድለው ትንሽ ወለድ ሲሆን፣ ዕድሉ ቢቀና የሚያተርፈው የወራት ጊዜ ነው።