የብረት ድስት መሰንጠቅና የአስመጪዎች ድርሻ

ከመራዊ እስከ ቡሬ ባሉት ገበያዎች የሚሸጠው ወፍራም ብረት ድስት፣ ስሙ ብረት ይባል እንጂ አሉሚኒየም መሆኑን ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። አብዛኛውም ቆራሌው ከየመንደሩ ከሚሰበስበው አሮጌ ዕቃ፣ ከተሰበረ ፒስቶንና ከተጣለ ቸርኬ ቀልጦ በአሸዋ ፎርማ የሚወጣ ነው። ገበሬው ገንዘቡን ከፍሎ የወሰደው ድስት ከጆሮው ሥር ሲሰነጠቅበት ይዞ የሚመለሰው ወደ አቅላጩ ሳይሆን ወደ ባለ ሱቁ ነው። ባለ ሱቁም ከዚያ ወዲያ ከውጭ የመጣውን ስስ ድስት መግዛት ይመርጣል፤ የአገር ውስጡ አቅላጭ ደግሞ ገበያውን ያጣል። የወፍጮ ፑሌጃ በመኸር ወራት ሲሰበርማ ጉዳቱ ለአንድ ቤት ብቻ አይደለም።

ለዚህ ሁሉ አቅላጩን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሙያው ለአገሩ እንግዳ አለመሆኑን፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ቀልጦ የተሠራው፣ እስከ ዛሬም በመቅደላ የሚገኘው ሴባስቶፖል ይመሰክራል። የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

ነገሩን ለመረዳት የጎጃምን ማር ማሰብ ይበቃል። ማር ብቻውን ተቀምጦ ቀስ እያለ ሲረጋ እንደ ጨው የሻከረ ቅንጣት ይሠራል፤ አስቀድሞ በደቃቁ ከረጋ ማር ጥቂት ቢደባለቅበት ግን እያንዳንዱ ደቃቅ ቅንጣት መነሻ ይሆነውና ጠቅላላው እንደ ቅቤ ለዝቦ ይረጋል። ንጹሕ አሉሚኒየምም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲረጋ እንደዚሁ ነው። መነሻ ካጣ ጥቂት ቅንጣቶች ብቻ ተወልደው ያለ ከልካይ ያድጋሉ፤ ዕቃው በፎርማው ውስጥ እየቀዘቀዘ ሲኮማተርም ስንጥቁ በነዚሁ ትልልቅ ቅንጣቶች መጋጠሚያ ይጀምራል። መነሻው ሲበዛ ግን ቅንጣቱ ይደቃል፣ ስንጥቁም ይቀንሳል። ሆልና ፔች የተባሉ ሊቃውንት በ1951 እና በ1953 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ የአረብ ብረት ቅንጣት በደቀቀ መጠን ጥንካሬው እንደሚጨምር አሳይተዋል።

ለአሉሚኒየም መነሻ የሚሆነው ቲታኒየምና ቦሮን ነው። በዓለም ገበያ በሰፊው የሚሸጠው ዘንግ ከመቶው 5 እጅ ቲታኒየም፣ 1 እጅ ቦሮን፣ የቀረው አሉሚኒየም ሲሆን፣ የተለመደው መጠን ለአንድ ኩንታል ቅልጥ ከ100 እስከ 200 ግራም ያህል ነው። እንደ እርሾ ያለ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ ነገር ግን እርሾ ሕይወት ስላለው ይባዛል፣ ይህ ግን አይባዛምና በየቅልጡ መጨመር አለበት። ከፈሳሹም ስለሚከብድ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ስለዚህ አቅላጩ አማስሎ ሳይዘገይ ማፍሰስ ይገባዋል።

ይህን ዘንግ ለሁሉ የሚበጅ አድርጎ መሸጥ ግን ማታለል ይሆናል። ሲሊኮን የበዛበት ቅልጥ የቲታኒየሙን ኃይል ያዳክማል፤ ፒስቶን ደግሞ ሲሊኮን የሚበዛበት ዕቃ ነውና ከሌላው ተለይቶ መቅለጥ አለበት፤ ለእርሱም ቦሮኑ የበዛው ዓይነት ይሻላል። እርሳስ የገባበትንም ውዳቂ ዘንጉ አያነጻውም። በካሜሩን ከውዳቂ በተሠሩ ድስቶች ላይ ተደርጎ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እርሳስ ወደ ምግብ እንደሚገባ አሳይቷልና፣ ውዳቂውን መለየት ከሁሉ የሚቀድም ሥራ ነው።

አስመጪው ዘንጉን የማያመጣው ገዢው ጥቂት ነው በማለት ነው። እውነት ነው፤ አንድ አቅላጭ በዓመት የሚፈልገው ከጥቂት ኪሎ አይበልጥ ይሆናል። የሆነ ሆኖ የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬና የባሕር ዳር አቅላጮች ትእዛዛቸውን በአንድነት ቢያቀርቡና ንግድ ምክር ቤቱ ቢሰበስብላቸው፣ አስመጪው ከሌላ ዕቃው ጋር አንድ ሣጥን ጨምሮ ሊያመጣ፣ የወረዳው ነጋዴም በኪሎ ቆራርጦ ሊሸጥ ይችላል። በቡሬ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክም የመለዋወጫ ፈላጊን እንጂ የሚቀንስ አይደለም።

ባለ ሱቁም ድስትን በሚዛን ብቻ መግዛቱን ቢተው መልካም ነው። ከእያንዳንዱ ቅልጥ ጣት የምታህል ዘንግ በፎርማ አውጥቶ እንዲያሳየው አቅላጩን ይጠይቀው፤ ዘንጊቱ በመዶሻ ስትሰበር ስብራቷ በትልልቅ የሚያብረቀርቅ ገጽ የተሞላ ከሆነ ድስቱን አይቀበል፤ ደቃቅና ግራጫ ከሆነ በኪሎ ጥቂት ብር ጨምሮ ይግዛ።